ሁለተኛ ማርሽ

መምህሩ ሰሌዳ ላይ አንጎል ሣሉልን፣
ስም የሚያድርበትን፣ ፊት የሚያድርበትን፤
ከማጅራት በላይ ያቺን ጥቅል ጎመን
"የእጅና የእግር ናት" አሉ፤ ዘጋሁ ደብተሬን።

ይመር አባቴ ግን ከታመመ ወዲህ
"የማን ልጅ ነሽ?" ይለኛል በትሕትና፣
እንደ መናኸሪያ መንገደኛ።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ እህቱ ዘንድ ስንወርድ
ሐረጎን ጉም ውጦት፣ አይታይም መንገድ።
መታጠፊያው ሳይደርስ፣ ገና ሹፌሩ ሳያይ፣
የአባቴ ግራ እግር ባዶ ወለል ረገጠ፣
ቀኝ እጁ ባየር ላይ ማርሽ ለወጠ፤
ሁለተኛ።
"ቀስ በል፣ እዚህ ጋ ውሃ ያቋርጣል።"
ውሃ ነበረ።

ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ "የማን ልጅ ነሽ አንቺ?"
"የሹፌር" አልኩት።
"እንግዲያ ጠበቅ አርገሽ ያዢ፣
ገና አራት መታጠፊያ አለ።"