ግርዱ ለቤት

በሚያዝያ መጨረሻ፣ ምቺንጂ ሜዳ ላይ፣
ኦቾሎኒው ተነቅሎ ሥሩ ሲታይ ለፀሐይ፣
ደመናው ገና አልሄደም፤ ነጋዴው ግን መጥቷል፤
ከማንጎው ቅርንጫፍ ላይ ሚዛኑን ሰቅሏል።
«ፈልፍሉ፣ ቶሎ በሉ፣ መኪናው ይሄዳል!»

ቅርፊቱ ደረቅ ነው፤ ጣት ይልጣል፣ ያደማል፤
ውኃ ሲረጩት ግን ይርሳል፣ ይሸነፋል።
እናቴም ትረጭ ነበር፣ የእናቴም እናት፤
ለጣታችን አዘንን እንጂ መች አሰብን ጥፋት።

እርጥቡን በጆንያ አፍነን ስናሳድር፣
ከጨለማው መሀል ሌላም አዳሪ ነበር፤
አረንጓዴ አመድ መሳይ፣ ድምፅ የለው፣ ኮቴ፣
እንግዳ ነኝ ሳይል የገባ ከቤቴ።

ሲነጋ በሰፌድ መረጣ ተያያዝን።
ወፍራሙ፣ ቀዩ፣ የሚያብለጨልጨው፦ ለሚዛን።
የተጨማደደው፣ ጎኑ የጠቆረው፣ ሻጋታ ያቀፈው፦ ለቤት።
ነጋዴው አንዷን ፍሬ ሰብሮ በብርሃን ያያል፤
«ይህን የውጭ ሰው አይበላም» ብሎ ወደ እኔ ይመልሳል።
የውጭ ሰው የማይበላውን የቤት ሰው ይበላዋል።
ግርድ አይጣልም በእኛ መንደር።
የካቲትን ያየ ሰው፣ ባዶ ጎተራ የጠረገ፣
የሚታኘክ ነገር እንዴት ብሎ ይጥላል?

ማዳሊትሶ ልጄ ሁለት ዓመት አለፈው፤
ያየው ሰው ሁሉ ግን «ስንት ወሩ ነው?» የሚለው።
ግርዱን ወቀጥኩለት፣ ከበቆሎ ገንፎ አዋሃድኩለት፣
ጉልበት ይሆነዋል ብዬ በጣቴ አጎረስኩት።
ሲመረው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር፤
ስኳር ተበድሬ ጨመርኩ፣ ምሬቱን ልሰውር።

ፋሌሲ በብስክሌት መጣች፣ የጤና ሠራተኛዋ፤
ክንዱን በሪባን ለካች።
ቀይ።
«ምን ታበይዋለሽ?» አለችኝ።
በኩራት ነገርኳት፦ «ኦቾሎኒ አለበት!»
ጣሳውን ከፍታ አሸተተች፤ ዝም አለች።
ከዚያ ስሙን ነገረችኝ፦ አፍላቶክሲን።
የመድኃኒት ስም ይመስላል።
«እሳት አይገድለውም» አለች፣ «ማሰሮ አይፈራም፤
ጉበት ላይ ይቀመጣል፤ የጠገበውን ልጅ ቀስ ብሎ፣
የተራበውን ግን ቸኩሎ ይጎዳዋል።»
«እሱ ብቻ ነው ያቀጨጨው?» ስላት፣
ሐቀኛ ሴት ናት፣ ራሷን ነቀነቀች፦
«ወባውም አለ፣ ተቅማጡም፣ ማጣቱም፤
ማን ምን ያህል እንደወሰደ እኔ አልመዘንኩም።»

ከቦርሳዋ ብርማ እሽግ አወጣች፣ ጫፉን ቀደደች።
ማዳሊትሶ ላሰው፤ ደግሞ ላሰው፤ ፊቱን አላዞረም።
አሸተትኩት።
ኦቾሎኒ!
ወፍራሙ፣ ቀዩ፣ የሚያብለጨልጨው፤
ከማንጎው ሥር ተመዝኖ የሄደው።
ከተማ ተመርምሮ፣ ከወተት ተፈጭቶ፣
መጣ ወደ ደጄ ሐኪም ተብሎ ተጠርቶ፤
የሸጥኩት ሊያድነው፣ ያጎረስኩት በልቶት።

ዘንድሮ ውኃ አልረጨሁም። በደረቁ ፈለፈልኩ።
ጣቴ ተሰንጥቆ ደሙ ቅርፊቱን ሲነካ፣
ማዳሊትሶ አየና «እፍ» አለልኝ።
ነጋዴው ሳይመጣ ከምርቱ አንድ ጣሳ ደበቅሁ።
ሚዛኑን አይቶ «ጎድሏል» አለኝ።
«አዎ» አልኩት።
የልጄ ክንድ አሁን ቢጫው ላይ ነው።

ግርዱን ከጓሮ ጉድጓድ ምሼ ቀበርኩት፣
ዶሮ እንዳይጭረው አመድ አልብሼ ረገጥኩት።
ማለዳ ስወጣ አፈሩ ተገልጦ፣
ጉድጓዱን ባዶ አገኘሁት፤
የልጅ እግር ዱካ ወደ ጎረቤት ሮጦ።