ሃያ ሦስት ዲግሪ

ሥራዬ እሳት ነበር። አርባ ዓመት ከሦስት ወር
በኦሳካ ከተማ፣ ከሕዝብ መታጠቢያ ሥር፣
የፈረሰ ቤት እንጨት እየማገድኩ
የሰፈሩን ገላ ውሃ ሳሞቅ ኖርኩ።

ሌላው ሰው ውሃ ቀጠነ ብሎ ይጣላል፤
የኔ ሰፈር ሞቀ፣ በረደ ይባባላል።
ከወንዶቹ በኩል ግድግዳው ይመታል፦
«ቶኩዞ፣ ጨምርበት! ወገቤን በርዶታል!»
ከሴቶቹ በኩል እናት ትጮኻለች፦
«ቶኩዞ፣ ቀንስልን! ልጄ ተቃጠለች!»
እኔም መሐል ቆርጬ፣ አርባ ሁለት ላይ አቁሜ፣
ሁለቱንም ወገን እኩል አስቀይሜ፣
ሥራ ያወቅሁ መስሎኝ እተኛለሁ ደክሜ።

ቤቱ ተዘጋ። ጭስ ማውጫው ፈረሰ።
ከፍርስራሹ መሐል፣ ጥቀርሻ የለበሰ
አንድ የጥድ ገንዳ በጋሪ ጎትቼ፣
አራተኛ ፎቅ ላይ በረንዳ አስገብቼ፣
ምን እንደማደርገው ሳላውቅ አስቀመጥኩት።
ዘንድሮ ነው ያወቅኩት።

ሺዮሪ፣ የልጅ ልጄ፣ በነሐሴው በዓል
አምስት የወረቀት መረብ ርሶ ተቀዶባት፣
በስድስተኛው ላይ አንድ ወርቅ ዓሣ ቀናት።
እናቷ «ይሸታል» ብላ ስለከለከለች
በላስቲክ ቋጥራ ወደ እኔ አሻገረች።

ብቻውን ይከፋዋል ብዬ ሱቅ ወረድኩኝ፤
አሥር ኒዮን ዓሦች፣ መርፌ የሚያክሉ፣ ገዛሁኝ፦
ሰማያዊ ፈትል፣ ከሥሩ ቀይ ጥለት።
«ይሄ የብርድ ልጅ ነው» አለች ሂራባያሺ፣ ባለሱቋ ሴት፣
«እነዚህ የሞቃት ወንዝ። አይሆኑም ባንድ ቤት።»
ሳቅሁባት። ውሃ ማስታረቅን ልታስተምር? ለእኔ?
አርባ ዓመት ሙሉ እሳት ለጠበሰው ጎኔ?

ሃያ ሦስት ላይ አደረግሁት፤ ለአንዱ ሞቅ፣ ለአንዱ ቀዝቀዝ።
ወርቁ አየር ፍለጋ ላይ ላዩን ፈዘዝ፤
ኒዮኖቹ ማሞቂያው ላይ ተደግፈው፣ ጥለታቸው ደብዘዝ።
እኔ ግን ሰላም ነው አልኩ። የሚጮህ የለማ!
ዓሣ ግድግዳ አይመታ፣ ቢከፋውም አይሰማ።

መስከረም ላይ ዘጠኝ ሆኑ። መነጽሬን ወለወልኩ።
ጥቅምት ላይ ሰባት። ከፍሪጁ ኋላ፣ ከማጣሪያው ሥር ፈለግሁ።
ሬሳ የለ፣ አጥንት የለ። ሌባ እንዳልል በሩ
ተቆልፎ ያድራል፤ ድመት የለው ሰፈሩ።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ባትሪዬን ባበራ፣
ከወርቁ ከንፈር ላይ የተንጠለጠለች ጭራ፣
ሰማያዊ ክር፣ ገና ያልጠፋች ጮራ።
አልደነገጠም፣ አልሸሸ። ጠዋት ምግብ ሲጠይቀኝ
በሚያየኝ በዚያው ዓይን አየኝ።
ጥርስ የለውም ብዬ ነበር። አለው፤ ግን በጉሮሮ፤
ከውጭ ሲያዩት መሳም ነው የከንፈሩ ኑሮ።

ሺዮሪ በስልክ፦ «አያቴ፣ ክፉ ሆኖ ነው?»
«አይ ልጄ። አፉ አድጎ ነው።»

ለካ የጥዱ ገንዳ ይሄን ነበር የጠበቀ።
ወርቁን አወጣሁት በኅዳር፣ ብርዱ ሳይጠብቅ።
አሁን ጥር ነው። ውሃው ስስ በረዶ ደርቧል፤
እሱ ከሥሩ፣ አመድ ያለበሱት ፍም መስሎ ተኝቷል።
ውስጥ አራት ቀርተዋል። ሃያ ስድስት ሰጠኋቸው፤
ተመለሰ ጥለታቸው።

ያ ወገቡ የሚበርደው ሰውዬ ሞቷል።
ያቺ የተቃጠለች ልጅ ዛሬ ልጆች አሏት ይባላል።
ሁለተኛ ገንዳ ግን ማናችንም አላሰብንም፤
እሳቱን የያዝኩት እኔም።

ጠዋት ጠዋት አንድ ጣቴን ከበረንዳው እነክራለሁ፤ ይደነዝዛል።
ሌላውን ከውስጠኛው፤ ነፍስ ይዘራል።
ሃያ ሦስትን ግን፣ ያቺን መሐል፣ እጄ ዛሬም አልረሳት፤
ማንም አልተመቸው፣ ማንም አልጮኸባት።