የሰልፉ ጭራ

ከፊት ዙማኒ ነው፣ ጠመንጃ አንግቶ፣
አንዴም ሳያጮኸው፣ አሥር ክረምት ገፍቶ።
ቀጥላ ቲሲዬንጂ፣ አመድ በጨርቅ ቋጥራ፣
ነፋሱ ወዴት እንደሁ፣ በብናኝ መርምራ።
ከዚያ አምስት እንግዶች፣ አምስት ባርኔጣ፤
አንደኛው ወሬው ብዙ፣ ካፉ ቃል የማይታጣ።
ከሁሉም መጨረሻ፣ የሰልፉ ጭራ ላይ፣
እኔ ማሊዛኒ፣ ተሸክሜ ሻይ።

«አትሩጡ» አለች ማለዳ፣ «የሚሮጥ ይበላል፤
ቁሙ ስል መቆም ነው፣ ዛፍ እንኳ ቆሞ ይውላል።
የማንም ግቢ አይደለም፣ የነሱ ደጃፍ ነው፤
ሳል የያዘው ሰው ቢኖር፣ ሳሉን ይዋጠው።»

የሞፓኔው ቅጠል፣ እንደ ቢራቢሮ ታጥፎ፣
ጉማሬው ሳቀብን፣ ከሉዋንግዋ አፍንጫ አትርፎ።
ድንገት የቲሲዬንጂ እጅ፣ ተነሣ ወደ ላይ።

ቆምን።

ከቁጥቋጦው ማዶ፣ ያ ግራጫ ድንጋይ
ተንቀሳቀሰ። ልጇን ከእግሮቿ መሐል አድርጋ፣
የግራ ጆሮዋ እንደ አሮጌ ጃንጥላ ተቀዶ።

አወቅኋት።

አምና በመጋቢት፣ በቆሎ ሲደርስ፣
ቆርቆሮ ስንመታ፣ በርበሬ ስናጨስ፣
ሳትፈራ ሳትቸኩል፣ ማሳው መሐል ቆማ
የእናቴን ዓመት በላች፣ በአንዲት ጨለማ።

አንዷ ባርኔጣ አንሾካሾከች፦ «እንዴት የዋህ ናት!»
ዝም አልኩ።

አንዱም ከሰልፉ ወጣ፣ አንድ ግማሽ እርምጃ፤
ዙማኒ ትከሻ ላይ፣ ነቃ ያ ጠመንጃ።
ጆሮዋን ዘረጋች፣ አፈር ነሰነሰች፣
ኩምቢዋን አንሥታ፣ አንድ ባንድ አሸተተች።
እኔንም። እኔን ቆየት አድርጋ።
የበርበሬው ጭስ ሸሚዜ ላይ ቀርቶ ይሆን?

ቲሲዬንጂ ሰውየውን በቀበቶው ሳበች።
ጀርባ ሳንሰጣት፣ አፈገፈግን በተራ፤
ወደ ኋላ ሲኬድ፣ ጭራ ነው የሚመራ።
መንገዱን እኔ መረጥኩ፣ እሾህ ከሌለበት፤
ወደ ውኃው መውጫውን፣ ለእርሷ ትቼላት።
ሄደች። ልጇ ጭራዋን በኩምቢው እንደያዘ።

ቂሜን አልተውኩም።
ሌሊት ማሳዬ ላይ፣ ባለጋራዬ ናት፤
ዛሬ ግን በደጇ ነኝ፣ እጅ ነሣኋት።

ከሾላው ሥር ሻዩን ስቀዳ፣ እጄ ራደ፤
ባለ ግማሽ እርምጃው፣ ወሬው ሁሉ በረደ።
ፎቶ የለውም። ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ
«አንተ ግን አልፈራህም?» አለኝ።

«ስኳር» አልኩት፣ «ስንት ላድርግ?»