የቆርቆሮ ቁጥሮች

ጋሊሲያ ጠረፍ ላይ፣ አርዴቦ መንደር፣
ሜዳችን ያበቃል ከባሕሩ በር፤
በሰሜን በኩል ግቡን የሳተች ኳስ
ገደሉን ዘላ ነው ውቅያኖስ የምትደርስ።
ብሬይሾ ግብ ጠባቂው፣ የጀልባ ሠራተኛ፣
መንጠቆ ይዞ ይወርዳል፤ ሰዓት ያያል ዳኛ።

እኔ ቁጥር ሰቃይ ነኝ፤ መሰላል ላይ ወጥቼ፣
ጎል በገባ ቁጥር ቆርቆሮ አንሥቼ
ከምስማር አውላለሁ። አባቴ ነው የቀባው፣
ከሰርዲን ፋብሪካ ጣሪያ ቆርጦ ያመጣው።
የእንግዶች ቁጥር ሁሉ በሥራ ብዛት ዝጓል፤
የኛ ሦስት፣ የኛ አራት ዛሬም ያንጸባርቃል።
ዜሮአችን ብቻ ናት፣ ጠርዟ ተበልታ፣
የምታቃስተው ከነፋስ ተጣልታ።

መስከረም። ዴልሚሮ፣ አሠልጣኛችን፣
(ማለዳ ዳቦ የሚያድል በየደጃችን)
ጫማውን እያየ "ዘንድሮስ..." አለና
ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወና
ሾጣጣ ደረደረ። በጥቅምት አራት ለዜሮ።
በኅዳር ስድስት ለአንድ፤ ያቺን አንድ አማሮ፣
አርባ አንድ ዓመቱ ነው፣ በጉልበቱ ገጭቶ
አስቆጠረና ቆመ፣ መሮጡን ረስቶ።

ታኅሣሥ ዝናብ። ጥር ዝናብ። ኖራው ታጥቦ ሄደ፤
መስመሩን ዳኛው በግምት ፈረደ።
ኡሺያ፣ ሒሳብ ያዧ፣ ማሊያ የምታጥበው፣
ገመድ ላይ አስጥታ የአሥር ቁጥሩን ብታየው
ዜሮዋ ተልጣ የለችም። "ይኸው!" አለች ስቃ፣
"ዜሮ እንኳን ጥላን ሄደች፤ ሰለቸናት፣ በቃ!"

ከዚህ በታች ሊግ የለም። ብንወርድ የምንወርድበት
ባሕሩ ብቻ ነው፣ ውድድር የሌለበት።

ግንቦት፤ የመጨረሻው ጨዋታ። ፀሐይ ወጣ፤
የእንግዶቹ አውቶቡስ ተራራ ላይ ተበላሽቶ አልመጣ።
ዳኛው ሠላሳ ደቂቃ ቆሞ ጠበቀና
ፊሽካ ነፋ፤ "ፎርፌ፣ ሦስት ለዜሮ" አለና
ሳንድዊቹን ፈታ።
                    ማንም አልጨፈረ፤
የኔ እጅ ግን ሳጥኑን መፈተሽ ጀመረ።
ሦስት። እንደ አዲስ ሳንቲም። መሰላሉን ወጣሁ፤
ወደ ምስማሩ ሳስጠጋው ቀዳዳውን አጣሁ።
አባቴ ከሁለት ወዲያ አልበሳም ኖሯል፤
ቀለሙን ግን እስከ ዘጠኝ ቀብቶ ጨርሷል።

"የእንግዳውን ሦስት ስቀል" ትላለች ኡሺያ።
"አይሆንም፤ ስንት ጊዜ ቆስለናል በዚያ።"

ብሬይሾ ወደ ባዶው ግብ ኳስ መታ፤ ከፍ አለች፣
አግዳሚውን አልፋ ገደሉን ዘለለች።
መንጠቆውን አንሥቶ እየተራገመ ወረደ፤
ዳኛውም ፊርማውን አኑሮ ሄደ።

እኔ ሦስትን ይዣለሁ፣
በሁለት እጄ፣ ነፋሱ እየገፋኝ፣
ኳሷ እስክትመለስ።