አርባ ደቂቃ

ሦስት ሰዓት አለኝ፤ አንዱም ከአንዱ አይስማማ፦
አንዱ የግድግዳው፣ የዚህች የኮሎኝ ከተማ፤
አንዱ እናቴ ያስለመደችኝ፣ ከንጋት የሚቆጥር፤
ሦስተኛው የማርስ ነው፣ የዚያ የቀይ አፈር።

የዚያ ቀን ከኛ ቀን በአርባ ደቂቃ ይረዝማል፤
እሱን የሚጠብቅ ሰው በየዕለቱ ያረፍዳል።
ሰኞ ከቁርስ በኋላ የገባሁበት ሥራ
በሁለት ሳምንቱ ዞሮ ራቴን ተጋራ።

ጎረቤቴ ኢርምጋርድ ደረጃው ላይ ስታገኘኝ፣
በሌሊት የምትወጣ ዳቦ ጋጋሪ መሰልኳት መሰለኝ፤
«ዛሬስ ምን ጋገርሽ?» አለችኝ። ምን ልበላት?
«ገና አልቦካም» አልኳት።

ልጄ ምንታምር ግን ታውቃለች፤ ፍሪጁ ላይ ትጽፋለች፦
«እማ፣ ዛሬ ስንተኛው ፀሐይ ነው? ፍልፈሉስ ነቃ?»
ከሥሩ ቁጥር ጽፌ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ እወጣለሁ፣
እንዳትነቃ።

የመጀመሪያው ፀሐይ፦ ፎቶ መጣ። አቧራ ብቻ።
በጉድፎቹ መሃል አንድ የተንጋደደ አድማስ፣
አንድ እግር፣ አንድ ጥላ። ዮስት አፍንጫውን ሲያብስ
አየሁት፤ «ጉንፋን ነው» አለ። ማንም አልጠየቀውም።
ሁለተኛው ፀሐይ፦ ክንፎቹ ተዘርግተዋል፤
መንኮራኩሩ አራት ዲግሪ ዘመም ብሎ፣ በግራ እግሩ ድንጋይ ረግጦ ቆሟል፣
አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው።

ከዚያ ክንዱን አለማመድነው፦ ትከሻ፣ ክርን፣ አንጓ።
«ክርንህን እጠፍ» ብለን እንልካለን፤
ቃላችን አሥራ ሦስት ደቂቃ ይጓዛል፤ መልሱም አሥራ ሦስት።
በመሃል ሻይ ይቀዘቅዛል፤ ሰው ስለ ቤት ኪራይ ያወራል።
ክርኑ ግን ወይ ታጥፏል፣ ወይ አልታጠፈም፤ ነገሩ አልቋል፤
እኛ ነን ያልደረስን።

በአርባ ሁለተኛው ፀሐይ ፍልፈሉን አወረድነው፤
አጭር ዘንግ ነው፤ መዶሻው ከሆዱ ነው።
ሦስት ሜትር ሊወርድ፣ የምድሩን ትኩሳት ሊለካ።
(ምድር አልኩ፤ ቋንቋዬ ሌላ መሬት አያውቅም ለካ።)

የፈራነው ድንጋይ ነበር።
ቀጥቅጥ አልነው፤ ቀጠቀጠ። አራት ሺህ ጊዜ መታ።
ወረደ ስንል፣ እዚያው ይነጥራል።
አፈሩ ልል ነው፤ አይገፋው፣ አያቅፈው፤
ሚስማር የሚገባው እንጨቱ ስለያዘው ነው።
ዮስት ሰሌዳው ላይ ጻፈ፦ «ያነሰው ጉልበት አይደለም፤ እንቅፋት።»

ስብሰባው ረዘመ። ከመስኮቱ ውጭ ራይን ጭጋግ ለብሶ፣
አሸዋ የጫነች ጀልባ፣ ወገቧ ድረስ ሰጥማ፣ ሽቅብ ትወጣለች።
እሷን እያየሁ ነው ያልኩት፦
«አንቆፍርለት። በማንኪያው ከጎኑ እንደግፈው፤ ብቻ።»

ሰባ ስድስተኛው ፀሐይ። በእናቴ ሰዓት ከሌሊቱ ዘጠኝ።
ላክን። ዝም አልን። አንዱ ኪሱን ሲዳብስ ሰማሁ።
ሃያ ስድስት ደቂቃ።
ፎቶው ከላይ ወደ ታች፣ መስመር በመስመር ተገለጠ፤
ዘንጉ ላይ ያለው ነጭ ምልክት፣ ትናንት ሙሉ የነበረው፣
ጫፉን አፈር ውጦታል።
ሦስት ሚሊሜትር? አራት? ተከራከርን።
ዮስት ማጉያ መነጽር አወጣ። ስክሪን ላይ፣ በማጉያ መነጽር!
ሳቅንበት፤ ከዚያ ተራ በተራ አየንበት።

ቤቴ ስደርስ ነጋ። ኢርምጋርድ ቆሻሻ ልትጥል ወርዳ፣
«ጋገርሽ?» አለች።
«በሦስት ሚሊሜትር ኩፍ አለ» አልኳት።
ፍሪጁ ላይ፦ «እማ፣ ዛሬ ትምህርት ቤት ታደርሺኛለሽ?»
እርሳሱን አነሳሁ፤ አሰላሁ።
ነገ አይሆንም። ከነገ ወዲያም።
ዛሬ ግን ሰዓቶቹ ለአንድ ጠዋት ተገጣጥመዋል።
ጫማዬን አላወለቅኩም።