የማይደገም

ድግምት ይሉታል፣ አይደገምም ግና፤
አንዴ ካፍ ከወጣ፣ እስከ ነገ ደኅና።

ቅዳሜ በምሳ ሐረጎን ሽቅብ ስንወጣ፣
ሚኒባሱ ሲያቃስት፣ ጉሙ ከጦሳ ሲመጣ፣
ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ አሰላለሁ፤
አራት ትንንሽ ቃል፣ ሁለት መካከለኛ፣ አንድ ትልቅ አለኝ፤
በየትኛው በር ላይ የትኛውን እላለሁ?

አሊጋዝ ከጎኔ ተኝቷል፣ አፉን ከፍቶ።
ሰይፈኛ ነው እሱ፤ ምን ሊያሰላ ነቅቶ?
"እመታለሁ" ይላል፣ ዳይሱን ይጥላል፤
ወይ ጭራቁ ይወድቃል፣ ወይ እሱ ይስታል።
ዳይሱም የእጁ ነው፤ ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት፣
ከቧንቧ ቁራጭ ናስ፣ በምሳ ሰዓት፣
ሃያ ፊት አውጥቶ ሞርዶ የሠራው፤
አሥራ ሰባት ላይ ትንሽ ያደላል፣ አውቀን ዝም ያልነው።

እኔ የደረቅ ወደብ መዝገብ ያዥ ነኝ፣
ቀኑን ሙሉ ኮንቴይነር ስቆጥር የምውል።
"ቁጥር ካልከበደህ" አለች ጦይባ፣ "አስማተኛ ሁን።"
ቁጥር አይከብደኝም።
የከበደኝ ሌላ ነው።

ሰይፈኛ የሚያነበው አራት ገጽ ነው፣ ከነሥዕሉ፤
የእኔ መቶ ሰባ ሁለት፣ ጥቃቅን ፊደል ነው ሁሉ፣
በጦይባ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ቀለም እያለቀ የታተመ፣
ገጽ ዘጠና ላይ የእሳቱ ቃል ግማሹ የደበዘዘ፣ የታመመ።

አስማተኛስ አንድ ዓይነት መሰላችሁ?
አንዱ ከመጽሐፍ ለቅሞ፣ ሌሊቱን አጥንቶ፤
አንዱ በደሙ ወርሶ፣ ፊደል ሳይነካ ተኝቶ፤
አንዱ ስማቸው ከማይጠራ ተበድሮ፣
ወለዱን በየጨረቃው ከፋይ።
ለቃሚው እኔ ነኝ።
ይህ ቃል እጅ ይፈልጋል፣ ያ ድምፅ፣ ያኛው ቁንጥር ድኝ፤
አንዱን ይዤ ሌላ ብጀምር፣ የያዝኩት ያመልጠኛል፤
ድንጋይ ቢያገኘኝ ደግሞ፣ ሁለቱም ይጠፋኛል።
ዘውድነሽ እንኳ፣ ፈዋሻችን፣ የቦሩ ሜዳ ነርስ፣
"እኛ ጋ መድኃኒት ክፍል ይቀላል" አለች፣ "ከዚህስ።"

የዚያን ቀን ጦይባ የሳለችው ዋሻ
አዝዋ ገደልን ይመስላል፤ ጠባብ፣ መሸሻ
የሌለው። ሦስት ጭራቅ ከፊት፣ አንድ ከኋላ።
አሊጋዝ መታ። መታ። ሳተ። ደማ።
"ምን ትላለህ?" አለችኝ ጦይባ። ገጽ ገለጥኩ።
ትንሿን ቃል አልኩ፤ ብርሃን። ገጽ ገለጥኩ።
ትልቁን? ትልቁማ ለባሰ ቀን ነው።
እኛ ቤት ዱቄትም እንዲያ ነበር፣ የታችኛው ጆንያ አይነካም፤
አባቴ የጓዳውን ቁልፍ አንገቱ ላይ እንዳሰረ ነው የሞተው፣
ነቀዝ ብቻ ነበረ ጆንያውን ስንከፍተው።
"ምን ትላለህ?"
ገጽ ገለጥኩ።

አሊጋዝ ዳይሱን ጣለ፤ አንድ።
ዝም አልን። ከታች ፎቶ ኮፒው ሲያጉረመርም ይሰማል፤
ጦይባ ቀስ ብላ፦ "የሰይፈኛው ልብ ቆሟል።"

ትልቁ ቃል እጄ ላይ ቀረ።
"ለነገስ?" አልኳት፣ "ይጨመርልኛል? ሁለት ይሆናል?"
"አይደመርም" አለች። "ስትተኛ ይታደሳል፤ ያው አንድ ነው።
ያደረ ቃል የለም።"
ስንት ዓመት መዝገብ ይዤ፣ እንዲህ ያለ ሒሳብ አላየሁም፤
ለነገ የሚዞር ቀሪ የለውም።

በመጨረሻው ሚኒባስ ቁልቁል ስንወርድ፣ ጉሙ መብራቱን በልቶ፣
አሊጋዝ አልተኛም። "አብሽር" አለኝ፣ ትከሻዬን ነክቶ፤
"ሰይፈኛ ሞልቷል። ግን ያ ትልቁ፣ ምን ነበር የሚለው?
እስቲ በለው።"
ተሳፋሪው አንቀላፍቷል። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። አልኩት፤
ጮክ ብዬ፣ እስከ ጫፉ፣
የደበዘዘውን ግማሽ ከራሴ ሞልቼ።

ረዳቱ ዞረ፦ "ወራጅ አለ?"
ሚኒባሱ ቆመ፣ መታጠፊያው ላይ፣ ጉም መሃል።
በሩ ተከፈተ።
ማንም አልወረደም።