ሁለተኛ ትምህርት

«ሰማይ አይታረስ» ያለ ሰው ኦባንን አላየም፤
እዚህ ሰማዩ በአንቀጽ ታርሷል፣ ያልታጠረ የለም።
አጥሩን ጠባቂ ነኝ፣ በወር እከፈላለሁ፤
ደብተር ይዤ፣ ካፖርት ለብሼ፣ በዝናብ እዞራለሁ።

የፈርገስ ማክፌል ሴስና አራት ወንበር አላት፤
«የበረራ ትምህርት ቤት» የሚል በነጭ ቀለም ተጽፎባት።
«ለግማሽ ሰዓት ትምህርት መቶ አርባ ፓውንድ፤
ካሜራ ይዘው ይምጡ፤ ለልጅ ቅናሽ፣ ለሦስት ሰው ዋጋ በአንድ።»

መዝገቡን ገለጥኩት።
«የመጀመሪያ ትምህርት»፤ ከሥሩም «የመጀመሪያ»፤
አራት መቶ አሥራ ሁለት መስመር፣
አንድም የለ ሁለተኛ።
«ፈርገስ፣» አልኩት፣ «ምን ዓይነት የኔታ ነህ አንተ፣
ተማሪህ ሁሉ ሀ ብሎ፣ ለ ሳይል የሸፈተ?»
ሳቀ። አውራ ጣቱ ላይ የሞተር ዘይት አለ።
«ሰው ደሴት ማየት ይወዳል፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለ።

ሕጉ ረጅም ነው፣ ፍሬው ግን አጭር፦
የከፈለው ለመማር ከሆነ፣ ሰውየው ይማር፤
መሪውን ይጨብጥ፣ ይሳሳት፣ ይታረም።
የከፈለው ለማየት ከሆነ፣ ያ ጉብኝት ነው፣ ትምህርት አይደለም፤
ለጉብኝት ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ምርመራ አለ፤
ፈርገስ ያን ሁሉ አጥር በአንዲት ቃል ዘለለ።

ይህን ሕግ የጻፈው ቀለም አይደለም። ከዓመታት በፊት፣
በሌላ ደሴት፣ በጭጋግ፣ ከአንድ ገደል ፊት ለፊት፣
ሦስት «ተማሪዎች»፤ አንዷ የሰርግ ቀሚሷን ሳታወልቅ።
ጫማ ለቅሜያለሁ እዚያ። ስለዚህ በኔ አትሳለቅ።

ከመዝገቡ አንድ ስም ግን እየተመላለሰ ይመጣል፦
ኢሽቤል ማክቪካር፤ በየሰኔው፣ አሥራ አንድ ዓመት ይጻፋል።
ከበሩ አገኘኋት። ሰማንያ ሦስት ነው ዕድሜዋ፣
እንደ አሮጌ የጀልባ ገመድ የተቆላለፈ ጣቷ።
«ባሌ እዚያ ነው፣» አለች፣ «ከሊዝሞር ማዶ፣ ከዐለቱ ጎን፤
ጀልባው የሚታየው ከላይ ነው፣ በሰኔ፣ ውኃው ሲሰክን።»

«መሪ ይዘው ያውቃሉ?»
«ማንኪያም አልይዝ፣ ልጄ፣ ጣቴ እምቢ ካለኝ።»
«እንግዲያው ጉብኝት ነው።»
«አዎ፣ ጉብኝት ነው፤ ባሌን ነው የምጎበኝ።»

ሕጉን ነገርኳት። እስኪያልቅ ሰማች፣ ጓንቷን እያወለቀች።
«ለመማር የዕድሜ ጣሪያ አለው?» ብላ ጠየቀች።
አንቀጹን ሁሉ አገላበጥኩ። ጣሪያ የለውም።
ሰማይ ነዋ።

ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ።
ፈርገስ ማስተማር ጀመረ፣ ድምፁ እንደ አዲስ ተማሪ፦
ይህ ከፍታ ነው፣ ይህ ፍጥነት፣ ይህ ደግሞ መሪ።
ሁለት ጣት ዘረጋች፣ ሁለት ብቻ፣ መሪው ላይ አሳረፈች፤
ክንፉ ወደ ባሕሩ አዘነበለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳዘዘች።
ከታች፣ በአረንጓዴው ውኃ፣ የጀልባ አጥንት ታየ።
ማንም አልተናገረም።

የፈርገስ ቅጣት አልቀረም፤ በማግስቱ በሩን አሸግኩት።
የዚያን ቀን በረራ ቅጽ ግን እስከ ዛሬ አልሞላሁት።
ሁለት ሳጥን አለው፦ «ትምህርት»፣ «ጉብኝት»።
እስክሪብቶዬ ቀለም አላጣም።
ጣቴ ነው እምቢ ያለኝ።